ልጄ አልሰማ አለኝ ለምትሉ፦ ከቤት የሚጀምር የአሠራር መመሪያ

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ሲገናኙ የማይቀር ወሬ አለ። «የኔው ልጅ እኮ አልሰማ ብሎ አስቸገረኝ።» ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። አንዷ «ፊት ሰጥታችሁት ነው» ትላለች። ሌላው «አንዴ ቆንጠጥ ብታደርጉት ይተዋል» ይላል። አያት ካሉ ደግሞ «ተዉት እንጂ፣ ልጅ አይደል» ይላሉ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ልጁ ነው። ቤቱ እንዴት ውሎ እንደሚያድር የሚጠይቅ የለም።

ይሄ መመሪያ የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ከ2 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ጠባዩን በምክር አይማርም። የሚማረው በየቀኑ ከሚደጋገመው ነገር ነው። ምን ሲያደርግ ዞር ብለን እናየዋለን? ምን ሲያደርግ እንረሳዋለን? እኛ ራሳችን ስንናደድ ምን እናደርጋለን? እርግጥ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወለድም። አንዱ ዝምተኛ ነው፣ ሌላው ከአራስ ቤት ጀምሮ ነጭናጫ ነው። አብሮት የተወለደውን ጠባይ መለወጥ አንችልም። ቤታችን ለዚያ ጠባይ የሚሰጠውን መልስ ግን እንችላለን። ሥራው እሱ ነው።

ከአንድ እስከ ሁለት ወር ጊዜ ስጡት። ሁሉንም ደረጃ ባንዴ አትጀምሩ። አንዱ ሲለመድ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጡ መዝግቡ

ትንሽ ደብተር ያዙ። የስልክ ማስታወሻም ይሆናል። ልጁ ባስቸገረ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ። ከዚያ በፊት ምን እየሆነ ነበር? እሱ ምን አደረገ? በመጨረሻ ምን አገኘ? ሦስተኛውን አትዝለሉ። ምስጢሩ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ምሽት እንይ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። እናት ከሥራ ገብታ እራት እያቀረበች ነው። የ4 ዓመት ልጇ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኳ ካርቱን ያያል።

«ማሙሽ፣ ስልኩን አስቀምጥና ና ብላ።»

ዝም።

«ማሙሽ፣ አልሰማህም?»

«ቆይ ትንሽ።»

«አሁን አልኩህ! ዋ!»

መነጫነጭ ይጀምራል። እናት ስልኩን ትነጥቀዋለች። መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮኻል፣ በእግሩ ወለሉን ይደበድባል። ጎረቤት ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ቆማ የዋለች ሴት ናት፣ በዚያ ላይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆይታለች። «በቃ እሺ፣ እንካ! ግን እየበላህ።» ቤቱ ጸጥ ይላል።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም የፈለጉትን አግኝተዋል። ልጁ ስልኩን አገኘ። እናት ጸጥታ አገኘች። ስለዚህ ነገም ይደገማል፣ ከነገ ወዲያም። ልጁ የተማረው ግልጽ ነው፤ በደንብ ከጮኸ ይሰጠዋል። በሌላ ቀን ደግሞ እናት ስትጮህ ልጁ ደንግጦ ይነሳል። ያን ቀን የተማረችው እሷ ናት፤ ካልጮኸች አይሰማትም። እንዲህ እየተባለ የሁለቱም ድምፅ በየሳምንቱ ከፍ ይላል።

ይህን አዙሪት በዝርዝር ያጠናው ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ኦሪገን ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር በየቤቱ እየገቡ፣ ወላጅና ልጅ ሲጨቃጨቁ በየደቂቃው የሚሆነውን ይመዘግቡ ነበር። ያገኙት ነገር ወላጅን የሚያጽናና ይመስለኛል። ችግሩ ክፉ ልጅ ወይም ደካማ እናት አይደለም። ሁለቱ ሳያውቁት አንዱ ሌላውን የሚያስተምሩት ልማድ ነው። ልማድ ከሆነ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

ሳምንቱ ሲያልቅ የጻፋችሁትን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ጭቅጭቁ ሁለት ሦስት ሰዓቶች ላይ ተጠራቅሞ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲጣደፉ፣ ከእራት በፊት፣ ከመኝታ በፊት። ሌላም ነገር ታያላችሁ። ልጁ ዝም ብሎ ሲጫወት ማንም ምንም አላለውም። «ተመስገን፣ ዛሬ አልረበሸም» ተብሎ ታልፏል።

ደረጃ 2፦ እንቅልፍን፣ ምግብንና ስክሪንን አስቀድሙ

ይሄን ቶሎ ጨርሱት። ያልተኛና የራበው ልጅ ላይ ምንም ዘዴ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። የቀን እንቅልፍም ይቆጠራል። ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል። አንድ ዓመት ላልሞላው ጭራሽ አይመከርም።

ልጁ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚቀሰቀስ ከሆነ ማታ 5 ሰዓት ድረስ ከአዋቂ ጋር ድራማ ሊያይ አይችልም። ሒሳቡን ሥሩት። ብዙ ቤት ውስጥ «ጠዋት ጠዋት ሲነጫነጭ» የሚባለው ልጅ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ነው። እራት የሚዘገይ ከሆነ ከውጭ እንደገባ ቆሎም ሙዝም ይቅመስ። መኝታ ሰዓቱን በየሦስት ቀኑ በሩብ ሰዓት ቀደም አድርጉት፤ ባንድ ሌሊት በሁለት ሰዓት ለማስቀደም አትሞክሩ።

ደረጃ 3፦ በቀን 10 ደቂቃ የልጁ ይሁን

ከመመሪያው አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይሄንን እመርጣለሁ።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት 10 ደቂቃ ከልጁ ጋር ቁጭ በሉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ምን እንደምትጫወቱ የሚመርጠው ልጁ ነው። መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም። ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ብይ፣ የወዳደቀ ጨርቅ ይበቃል። ግቢ ካለ ሰኞ ማክሰኞ አለ።

እንዴት እንደምትጫወቱ ግን ልዩነት ያመጣል። ሦስት ነገር ተዉ። አታስተምሩ። አትዘዙ። አትፈትኑ። «ይሄ ምን ቀለም ነው? እስኪ ቁጠርልኝ» ማለት ጨዋታውን ፈተና ያደርገዋል። በዚያ ፋንታ የሚያደርገውን እያያችሁ ተናገሩ። «መኪናው ዳገት እየወጣ ነው። ኧረ ከባድ ጭነት ጭኗል!» ሲስቅ ሳቁ። ሲያወራ አትቁረጡት፤ መልሱለት።

ይሄ ለምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እናቶችን ከጨቅላ ልጆቻቸው ፊት አስቀመጠ። መጀመሪያ እንደወትሮው ያጫውቷቸዋል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ እናትየዋ ፊቷን ታደርቃለች። አትስቅም፣ አትመልስም፣ ዝም ብላ ታያለች። ሕፃኑ ወዲያው ይገባዋል። ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል። ምንም ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ብዙዎቹም ያለቅሳሉ። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የእናቱን ፊት ለመመለስ ይህን ያህል ይታገላል። ስልክ ላይ አቀርቅረን ልጅ «ማሚ፣ ማሚ፣ እዪኝ» ሲል የምንሰጠው ፊት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ብርጭቆ ሲሰብር ግን ቀና እንላለን። ታዲያ ብርጭቆ ቢሰብር ይፈረድበታል?

ትኩረት እንደ ደሞዝ ነው፤ ለተከፈለበት ሥራ ሰው ተመልሶ ይመጣል። 10 ደቂቃዋ ልጁ ሳይረብሽ የሚያገኛት ደሞዝ ናት።

ጊዜ የለንም ለምትሉ፦ ምስር እየለቀማችሁ፣ ልብስ እያጠፋችሁ፣ ገላውን እያጠባችሁም ይሆናል። ዋናው ዓይናችሁና ጆሮአችሁ እሱ ጋ መሆኑ ነው። ሁለትና ሦስት ልጅ ካለ ለየብቻ 5 ደቂቃም ይበቃል።

አባቶች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ብዙ ቤት ውስጥ አባት የሚጠራው ለማስፈራሪያ ነው። «ቆይ፣ አባትህ ይምጣ!» ይባላል። በር ሲንኳኳ ልጁ ይደበቃል። አባትየው ምንም ሳያጠፋ ዱላ ተደርጎ ተሾመ ማለት ነው። ይህን አባባል ከቤታችሁ አውጡት። አባት ከሥራ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የጨዋታ ይሁኑ። የጥፋት ዝርዝር በር ላይ አይነበብ።

ደረጃ 4፦ ደህና ሲሆን ያዙት

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ልጁ ደህና ነገር ሲያደርግ እያያችሁ ተናገሩ። «ጎበዝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ምን እንዳደረገ ንገሩት። «ጫማህን ራስህ አስቀመጥክ።» «እህትህ ስታለቅስ ብስኩትህን አካፈልካት።» «ሳትጮህ ጠየቅከኝ፣ ደስ አለኝ።» አጭር ይሁን፣ ወዲያው ይሁን።

አስተዋይነቱን ሳይሆን ጥረቱን አመስግኑ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አምስተኛ ክፍል አካባቢ ያሉ ልጆችን ፈትነው ገሚሱን «ብልህ ነህ» አሏቸው፣ ገሚሱን «በደንብ ጥረሃል»። ቀጥሎ ከባድ ፈተና ሲመጣ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን መሞከራቸውን ቀጠሉ።

«ልጅ ፊት ለፊት ካመሰገኑት ይቀብጣል» የሚል ሥጋት አለ፣ በተለይ በታላላቆቻችን ዘንድ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። «የኔ ንጉሥ፣ አንተን የሚያክል የለም» እያሉ ማሳደግ ልጅን ያበላሻል። የሠራውን ሥራ ለይቶ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። አያቀብጠውም፤ የሚጠበቅበትን ነው የሚያሳውቀው።

ደረጃ 5፦ ትእዛዝ አሰጣጣችሁን ቀይሩ

ከኩሽና ሆኖ ወደ ሳሎን መጮህ ትእዛዝ አይደለም። እንዲህ አድርጉ።

ልጁ ጋ ሂዱ። ጎንበስ በሉ። ስሙን ጥሩና ዓይኑን እስክታገኙ ቆዩ። አንድ ነገር ብቻ እዘዙ። «ተነስ፣ እጅህን ታጠብ፣ ቦርሳህን አንሳ፣ ሹራብህ የት አለ?» ከተባለ የ4 ዓመት ልጅ የመጨረሻዋን ብቻ ነው የሚይዘው። የማትፈልጉትን ሳይሆን የምትፈልጉትን ተናገሩ፤ «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ሂድ» ይሻላል። ምርጫ ካልሆነ በጥያቄ አታቅርቡት። «እንሂድ ወይ?» ካላችሁ «አይ» ማለት መብቱ ነው። ከዚያ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ብዙ ወላጅ ሁለት ሳይቆጥር ይደግመዋል፣ ልጁም የመጀመሪያው ጥሪ እንደማይቆጠር ይማራል።

ጨዋታ የሚያቋርጥ ነገር ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። «ይሄ ካርቱን ሲያልቅ ስልኩ ይዘጋል።» ሲያልቅም ዝጉ። ሁሌ።

በጅብ፣ በፖሊስና በመርፌ ማስፈራራት ይቅር። «ዝም በል፣ አያ ጅቦ ይመጣል» የሚለው ለጊዜው ይሠራል። ማታ ግን ብቻውን አልተኛም ይላል፣ እኛም «ምን ነካው?» እንላለን። በፖሊስ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅ ገበያ መሀል ቢጠፋ ፖሊስ አይቶ ይሸሻል። በመርፌ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅ ክትባት ቀን ጉድ ያፈላል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ጅቡም ፖሊሱም እንደማይመጡ ይገባዋል። ያኔ የሚጠፋው የኛ ቃል ዋጋ ነው።

ደረጃ 6፦ ሲጮህና ሲንከባለል

እዚህ ጋ ነው ብዙ ቤት የሚሸነፈው። ስለዚህ ሲጀመር ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ተስማሙ።

መጀመሪያ ደኅንነቱን አረጋግጡ። ከደረጃና ከሚፈላ ውሃ አርቁት። ከሰል ወይም ስቶቭ ካለ ወደዚያ እንዳይንከባለል አድርጉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ስልኩ ስለተዘጋ ተናደሃል። አውቃለሁ። ዛሬ ግን አበቃ» በሉት። ከዚህ በኋላ አታብራሩ፣ አትከራከሩ፣ አታባብሉ። አጠገቡ ቁጭ በሉና እጃችሁ ላይ ያለውን ሥራ ቀጥሉ። እየጮኸ ያለ ልጅ ምክር አይገባውም። ጩኸቱ ሲበርድ፣ ድምፁ ገና ዝቅ ሲል፣ ዞር በሉለት። ውሃ ስጡት። እቅፍ ከፈለገ እቀፉት። ማቀፍ መሸነፍ አይደለም። መሸነፍ የሚሆነው ስልኩን ከሰጣችሁት ነው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። መጀመሪያ ላይ ይብሳል። እስከ ትናንት በጩኸት ያገኘውን ዛሬ ሲያጣ፣ አልተሰማሁም ብሎ ጩኸቱን ይጨምራል። ሦስተኛው አራተኛው ቀን ከመጀመሪያውም ሊከፋ ይችላል። ብዙ ወላጅ ተስፋ ቆርጦ «አልሠራም» የሚለው እዚህ ነው። እዚህ ቀን ላይ ከሰጣችሁት፣ ይበልጥ ከተጮኸ እንደሚገኝ አስተማራችሁት። ስለዚህ የምትጀምሩበትን ሳምንት ምረጡ። እንግዳ የሚመጣበት ወይም በዓል የሚዋልበት ሳምንት አይሁን።

ሱቅ ውስጥ ወይም ታክሲ ውስጥ ከሆነስ? ሰው ያያል፣ አንዷ ከኋላ «ምን አለበት ብትገዥለት» ትላለች። ከመግባታችሁ በፊት ንገሩት፤ «የምንገዛው ዳቦና ዘይት ነው። ከረሜላ ዛሬ የለም።» ከጮኸ ዳቦውን አስቀምጣችሁ ይዛችሁት ውጡ። ታክሲ ውስጥ መውጫ የለም፤ ያኔ እቀፉት፣ ዝም በሉ፣ እስክትወርዱ ታገሡ። የሰው ዓይን ይከብዳል። ግን ያቺ ሴትዮ ነገ እናንተ ቤት አትኖርም።

ደረጃ 7፦ ዱላውን በሌላ ተኩት

ብዙዎቻችን በኩርኩም፣ በቁንጥጫና በቀበቶ አድገናል። «እኛስ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» የሚለው ክርክር ቅን ነው፣ ወላጆቻችንን መንቀፍ ስለማንፈልግ። መንቀፍም አያስፈልግም። የሚያውቁትን አደረጉ። እኛ ደግሞ እነሱ ያላገኙትን መረጃ አግኝተናል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር የ50 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚሸፍን ነው። ስለ ከባድ ድብደባ ሳይሆን በእጅ መዳፍ ስለሚደረግ መምታት ነው ያጠኑት። የሚመቱ ልጆች ይበልጥ ታዛዥ ሆነው አልተገኙም። ይልቁንም እልኸኝነት፣ ጠበኝነትና ጭንቀት ከመመታት ጋር አብረው ይታያሉ። አስቸጋሪ ስለሆኑ ይሆናል የተመቱት የሚል ይኖራል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ያም ሆኖ መምታቱ ጠባያቸውን አሻሻለ የሚል ማስረጃ አልተገኘም።

የአልበርት ባንዱራን ሙከራም አስቡ። በ1961 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ 72 ሕፃናት ተሳተፉ። ከፊሎቹ አንድ አዋቂ ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብና ሲሳደብ አዩ። በኋላ ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተዉ ያንኑ ምት፣ አልፎም ያንኑ ቃል ደገሙት። ታናሽ ወንድሙን በመታ ልጅ ላይ «ሁለተኛ ሰው አትምታ!» እያልን ስንመታው የትኛውን እንደሚማር መገመት አይከብድም። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በርበሬ ማጠን ደግሞ ጭራሽ መቅረት ያለበት ነው። ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ዓይን ይጎዳል፣ አስም ያለበትን ልጅ ሊገድል ይችላል።

ምን ይተካው? ቅጣቱ ትንሽ፣ ቶሎ የሚፈጸምና ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። ወተቱን ሆን ብሎ ከደፋ፣ ጨርቅ ሰጥታችሁ አብራችሁ ይጥረግ። ኳሱን ቤት ውስጥ ከመታ፣ ኳሱ እስከ ነገ ይቀመጣል። ግድግዳ ላይ ከጻፈ፣ ስፖንጅ ይዞ ያጽዳ። ወንድሙን ከመታ፣ ጨዋታው ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፣ የተመታው ይባበላል፣ ከዚያ የመታው ምን ማለት ይችል እንደነበር ይለማመዳል፤ «ተራዬ ነው፣ ስጠኝ» ብሎ። «ለአንድ ወር ቴሌቪዥን አታይም!» አትበሉ፤ እናንተም አትፈጽሙትም። ሲያልቅ አለቀ። ማታ ለአባት፣ እሑድ ለአክስት እያነሳችሁ አታሳፍሩት።

ውጭ አገር ለምትኖሩ ሕጉንም ልብ በሉ። ስዊድን በ1979 እ.ኤ.አ. ልጅን በቤት መምታት በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ናት። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2000 እ.ኤ.አ. ወላጅ ልጁን ለማስተማር ብሎ መምታት እንደማይችል ወስኗል። ልጆች ይህን በትምህርት ቤት ይሰማሉ። አንዳንዱ ቤት «ፖሊስ እጠራለሁ» የሚል ልጅ ሲመጣ ወላጅ ዱላውን ይተውና ሁሉንም ነገር ይተዋል። ያ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ልጁ ያለ ዱላም ወሰን ያስፈልገዋል። እነዚህ ቤቶች ደረጃ 5ንና 6ን ከሁሉም በላይ ይፈልጓቸዋል።

ደረጃ 8፦ ቤቱን አንድ ቋንቋ አናግሩት

እናት ከልክላ አያት ከፈቀዱ፣ ልጁ ሁለት ሕግ ያለው ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። አያትን ግን ልጁ ፊት አታርሙ። ለብቻ፣ ቡና ሲፈላ፣ በአክብሮት አንሱት። «እማማ፣ ልጁ እርስዎን በጣም ነው የሚሰማው። ማታ ስልክ ስንከለክለው እርስዎም አብረው ከከለከሉልን ቶሎ ይለምዳል። ይልቅ ያን ጊዜ ተረት ቢያወሩለት?» አያት የሚሠሩት ነገር ከተሰጣቸው ጠላት አይሆኑም። ተረት ደግሞ ከማንኛችንም ይልቅ ያውቁበታል።

ልጁን የምትይዘዋ ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛም መስማት አለባት። ቀኑን የሚያሳልፈው ከሷ ጋር ነው። የቤቱን ሕጎች ንገሯት። አለመምታትንም ጨምሩ። በልጁ ፊት ከሰደባችኋት ልጁም ይሰድባታል፣ ከዚያ እንዴት አድርጋ ታዝዘው? እሷን የምታናግሩበት ድምፅ ልጁ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ነው።

ባልና ሚስት መጣላታቸው አይቀርም። ማርክ ከሚንግስ የተባለ ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ልጆች የወላጆቻቸውን ጠብ ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ አጥንቷል። ልጆች ጠቡ ሲፈታ ካዩ ጭንቀታቸው በእጅጉ ይቀንሳል። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሳሎን እንጣላና መኝታ ቤት እንታረቃለን። ልጁ መጨረሻውን ሳያይ ይተኛል። ፊቱ ከተጣላችሁ፣ መታረቃችሁንም ይይ። «ትናንት ተቆጥተን ነበር፣ አሁን ተስማምተናል» ይበቃዋል። ልጁ ላይ ከልክ በላይ ከጮኻችሁም እንዲሁ «ጮኽኩብህ፣ ይቅርታ። ስልኩ ግን አሁንም ዝግ ነው» ማለት ይቻላል። ይቅርታ ሕጉን አያነሳውም።

እናት ወይም አባት አብረው ከሌሉ

ብዙ ልጆቻችን ከአያት ወይም ከአክስት ጋር እያደጉ ነው፤ እናት ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ናት። ለነዚህ ቤቶች ጥቂት ነገር ልጨምር።

የምትደውሉበትን ቀንና ሰዓት ቁረጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆንም የታወቀ ይሁን። ልጅ የሚጎዳው ስልኩ በማነሱ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ ባለማወቁ ነው። አሠሪ ስልክ የማያስነካ ከሆነ፣ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ፤ ተረት፣ እሹሩሩ፣ ሰላምታ። ልጁ ማታ ማታ ይስማው። ስልኩ ላይ «ትምህርትሽ እንዴት ነው? አያትሽን ታስቸግሪያለሽ አሉ» ብላችሁ አትጀምሩ። ምን በላሽ፣ ከማን ጋር ተጫወትሽ፣ ጥርስሽ ወለቀ ወይ በሉ። «በቅርቡ እመጣለሁ» አትበሉ፤ ቀኑ ካልታወቀ «ቀኑን ሳውቅ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው» በሉ። ቤት ያሉት ደግሞ «ለእናትሽ እነግርብሻለሁ፣ ብር አትልክም» እያሉ አያስፈራሩ። የእናት ፍቅር በመታዘዝ የሚገዛ አይምሰላት።

እስራኤል፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ልጁ ቋንቋውን ከናንተ ቀድሞ ይለምዳል። ደብዳቤ ያነባል፣ ሐኪም ቤት ያስተረጉማል፣ ወላጅ ተጠርቶ በመጣበት ቀን ራሱ ስለ ራሱ ጥፋት ይተረጉማል። ቀስ እያለ ቤቱን የሚመራው እሱ ይሆናል። ትምህርት ቤቱንና ሐኪም ቤቱን አዋቂ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በብዙ ቦታ ያለ ክፍያ ይመደባል። ልጁ ሲረዳችሁ አመስግኑት፣ ውሳኔውን ግን እናንተ ወስኑ፣ መወሰናችሁንም ይስማ። ቤት ውስጥ አማርኛውን ያዙ። ስሜታችሁን በደንብ የምትናገሩት በሱ ነው፣ እሹሩሩውም ቁጣውም የሚያምርባችሁ በሱ ነው።

ከቤት በላይ ሲሆን

ሁለት ወር በትጋት ሞክራችሁ ካልተለወጠ፣ ወይም ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ካያችሁ፣ ለሐኪም አሳዩ። በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር። በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር። የተማረውን ንግግር ወይም ችሎታ መልሶ ያጣ። ራሱን የሚጎዳ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ። ከጦርነት፣ ከስደት ወይም ከቤተሰብ ሞት በኋላ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሳ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ። እነዚህ የአስተዳደግ ጉድለት ተብለው ሊታለፉ አይገባም። መጀመሪያ መስማቱ ይመርመር፤ «አልሰማ አለኝ» ከሚባሉት መካከል በእርግጥም ጆሮው የማይሰማ ልጅ ይገኛል።

መነሻው አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። የሕፃናት ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሪፈር ይጽፉላችኋል። ስትሄዱ የመዘገባችሁትን ደብተር ያዙ፣ ለባለሙያው ብዙ ይረዳዋል። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ኦቲዝም (የልጁን ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት የሚነካ የእድገት ችግር) ከተጠረጠረ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት ኒያ ፋውንዴሽን ሥር የሚገኝ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ።

እናትም ራሷን ትመርምር። ከወሊድ በኋላ የመጣ ሐዘን ሳምንታት ካለፈው፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ልጁን ማየት ካስጠላ፣ ይህ ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም። የሚታከም ሕመም ነው። እዚያው ጤና ጣቢያ፣ ልጁ በሚመረመርበት ቀን፣ «እኔም ደህና አይደለሁም» ብላችሁ ተናገሩ።